የአቮካዶ ዘር ለምን እናቱን አይመስልም?

አክስቴ ወንዶ ገነት ነው የምትኖረው። ጓሮዋ ውስጥ አራት የአቮካዶ ዛፎች አሉ። ትልቁ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው ነው፤ ፍሬው አንገቱ ቀጠን ያለ፣ ውስጡ ቅቤ የሆነ፣ ዳቦ ላይ ሲቀቡት ጨው እንኳ የማያስፈልገው። ሌሎቹ ሦስቱ የዚህ ዛፍ ልጆች ናቸው። ዘራቸውን ከአንድ ዛፍ ለቅማ፣ በአንድ ክረምት፣ ራሷ ናት የተከለችው።

የመጀመሪያው ልጅ ክብና ትልቅ ፍሬ ያፈራል፣ ግን ሲበሉት ውሃ ውሃ ይላል። የሁለተኛው ፍሬ ከእንቁላል ብዙም አይበልጥም፤ ልጣጩ ስስ፣ ዘሩ ትልቅ፣ የሚበላው ነገር በሁለት ማንኪያ የሚያልቅ። ሦስተኛው በየዓመቱ በአበባ ይሸፈናል፣ አበባው ይረግፋል፣ በቃ። አንድም ፍሬ ሰጥቶ አያውቅም።

«ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ ባለፈው ስሄድ። «እናታቸው አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ የተከላቸው እጅ አንድ። ፍግም አላጓደልኩባቸው።»

ምንም አላጠፋችም። ነገሩ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው። ችግኝ ላይ ስሠራ ዓመታት ስላለፉኝ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ጁስ ቤት የጣመውን አቮካዶ ዘሩን ይዞ ሄዶ ተክሎ፣ ስድስት ሰባት ዓመት ውሃ አጠጥቶ፣ በመጨረሻ ሌላ ነገር የበላ ሰው ሁሉ። ለአክስቴ ያስረዳኋትን እዚህም ላስረዳ።

ሲጀመር እኛ ጤፍና ቡና ያሳደገን ሰዎች ነን። ከጥሩ ጤፍ ዘር ታስቀራላችሁ፣ በዓመቱ ትዘራላችሁ፣ ያንኑ ጤፍ ታጭዳላችሁ። ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። የጤፍ አበባ ወንዴውም ሴቴውም እዚያው አንዷ ቅንጣት ውስጥ ናቸው፤ ራሱን በራሱ ያራባል፣ ከጎረቤት ጤፍ ጋር የሚዳቀለው ከስንት አንዴ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለብዙ ትውልድ ሲደጋገም ከእናት የመጣው የውርስ መመሪያ ቅጂና ከአባት የመጣው ቅጂ አንድ ዓይነት ሆነው ይቀራሉ፣ እናትም አባትም ያው ተክል ነውና። ስለዚህ ልጁ የትኛውንም ቢወርስ የሚወርሰው ያንኑ ነው። የእኛ ቡና፣ አረቢካው፣ እሱም በአብዛኛው ራሱን በራሱ ነው የሚያራባው። ከጥሩ ቡና ሥር የበቀለ ችግኝ ነቅሎ መትከል ያዋጣል የሚባለውም ለዚህ ነው።

አቮካዶ ግን የዚህ ቤተሰብ ሰው አይደለም። ዘር ከልጓም ይስባል እንላለን። አቮካዶም ላይ ይስባል፤ ችግሩ በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ አቅጣጫ መሳቡ ነው።

እንዴት እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። አቮካዶ 24 ክሮሞዞም አለው፤ ክሮሞዞም ማለት የውርስ መመሪያው የተጻፈበት ክር በሉት። ክሮቹ 12 ጥንድ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ። በጤፍ ጊዜ የጥንዶቹ ሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት ነው ብለናል። በአቮካዶ ግን ይለያያሉ። አንዱ ወገን ስስ ልጣጭ ይላል፣ ሌላው ወፍራም። አንዱ ቅባት፣ ሌላው ውሃ።

አሁን 12 ጥንድ ጫማ ፊታችሁ ተደርድሯል እንበል። ከእያንዳንዱ ጥንድ ግራውን ወይም ቀኙን፣ አንዱን ብቻ አንሱ ተባላችሁ። ለመጀመሪያው ጥንድ ሁለት ምርጫ አላችሁ፣ ሁለተኛው ሲጨመር አራት፣ ሦስተኛው ሲጨመር ስምንት፣ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርሱ 4,096 ዓይነት አነሳስ ይሆናል። እናቲቱ ለእያንዳንዱ ዘር የምትሰጠው ከነዚህ 4,096 አንዱን ነው። አባትየውም እንደዚሁ ከራሱ 4,096 አንዱን ይሰጣል። ሁለቱ ሲባዙ ከ16 ሚሊዮን በላይ ነው። ያውም ክሮሞዞሞቹ ከመለያየታቸው በፊት ቁራጭ ቁራጭ የሚቀያየሩትን ሳንቆጥር። አክስቴ ሦስት ዘር ተክላ ሦስት የተለያየ ዛፍ ማግኘቷ ምኑ ይገርማል? ሁለቱ ቢመሳሰሉ ነበር የሚገርመው።

ግን አባትየው ማነው? እዚህ ላይ ነው አቮካዶ ከማውቃቸው ዛፎች ሁሉ ልዩ የሚሆንብኝ።

በአበባው ወቅት ማለዳ ተነስታችሁ ወደ አንድ የአቮካዶ ዛፍ ሂዱና አንዷን አበባ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከጥፍር የማትበልጥ፣ ቢጫ አረንጓዴ የሆነች ትንሽ አበባ ናት። መሃሏ ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እሷ ሴቴዋ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ወንዴዎቹ ደግሞ ወደ ጎን ተኝተዋል፣ ዱቄታቸውን አልፈቱም። በዚህ ሰዓት አበባዋ ሴት ናት። እኩለ ቀን አካባቢ ትዘጋለች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ያቺው አበባ እንደገና ትከፈታለች፤ አሁን ወንዴዎቹ ቀጥ ብለው ተነስተው ቢጫ ዱቄት ተሸክመዋል፣ የሴቴዋ ጊዜ ግን አልፏል። አንድ አበባ፣ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፣ አንዴ ሴት ሆኖ አንዴ ወንድ ሆኖ።

እንዲህ የሚያደርጉት ዛፎች «ኤ» ይባላሉ። «ቢ» የሚባሉት ተቃራኒው ናቸው፤ መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ሴት ሆነው ይከፈቱና በማግስቱ ጠዋት ወንድ ሆነው ይመለሳሉ። ተመልከቱት እንግዲህ፦ ጠዋት «ኤ» ሴት ሲሆን «ቢ» ወንድ ነው፣ ከሰዓት «ቢ» ሴት ሲሆን «ኤ» ወንድ ነው። ንቧ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትመላለስ ጋብቻው ይፈጸማል። ዛፉ ራሱን ላለማግባት ያወጣው ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ይዛባል፣ አንዳንድ አበባም ተደራርቦ ይከፈታል፣ ስለዚህ ብቻውን የቆመ ዛፍም ጥቂት ፍሬ ሊይዝ ይችላል። አጥብቆ የሚጥረው ግን ከሌላ ለመዳቀል ነው።

ይህን የሰዓት ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ጤፍ ትዝ ይለኛል። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሁለት ጤፍ ማዳቀል አቅቷቸው ነበር፤ አበባው መቼ እንደሚከፈት አልተያዘም ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው ተመራማሪው ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ ማለዳ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ለአጭር ጊዜ፣ እንደሚከፈት ያረጋገጡት። ከዚያ በኋላ ነው ማዳቀል የተቻለው፣ ዛሬ ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ቁንጮ ጤፍም ከዚያ መንገድ የመጣ ነው። የአበባን ሰዓት ማወቅ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ።

አንድ ትልቅ አቮካዶ በአንድ ወቅት እስከ ሚሊዮን አበባ ሊያወጣ ይችላል፣ ከዚያ ውስጥ ለፍሬ የሚበቃው ከሺህ አንድ ቢሆን ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ስለዚህ አበባ ሲረግፍ አትደንግጡ። ሁሉም ሲረግፍ ግን፣ እንደ አክስቴ ሦስተኛ ዛፍ፣ ወይ ሰዓቱ የሚገጥምለት ጎረቤት የለውም፣ ወይ በውርሱ ፍሬ መያዝ የማይችል ሆኖ ነው የተወለደው። የሷን ጓሮ ሳየው፣ አጠገቡ ሌሎች ሦስት ዛፎች በየሰዓቱ እያበቡ እሱ ብቻ ባዶውን ስለቀረ፣ ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር ብዙ ሰው ስነግረው ቆም ብሎ ያስባል። የአቮካዶ ሥጋው የእናትየው አካል ነው፤ ዘሩ ግን ልጅ ነው። ልክ እንደ ነፍሰ ጡር ሴት፦ ሆዱ የሷ ነው፣ ውስጡ ያለው ሌላ ሰው ነው። የምትበሉት ሥጋ አባትየው ማንም ይሁን ማን የእናትየውን ጣዕም ነው የሚይዘው። ስለዚህ አጠገቡ ውሃ ውሃ የሚል ዛፍ ቢኖር የጥሩው ዛፍ ፍሬ አይበላሽም። ዘሩን ስትተክሉ ግን የምትተክሉት የበላችሁትን አይደለም፤ አይታችሁት የማታውቁትን አዲስ ዛፍ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ዘሩ እንዲህ የማይታመን ከሆነ ሰዎች ጥንት አቮካዶን እንዴት አላመዱት?

አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። የዱሩ አቮካዶ ትንሽ ነው፣ ዘሩ ሰፊውን ቦታ ይይዘዋል፣ በዘሩና በልጣጩ መሃል ያለው ሥጋ ስስ ነው። ሆንዱራስ ውስጥ ኤል ጊጋንቴ የሚባል ዋሻ አለ፤ እዚያ ከተቆፈረው ነገር መሃል የአቮካዶ ልጣጭና ዘር በየዘመኑ ተደራርቦ ተገኝቷል። ከ10,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዘመኑ ወደ እኛ እየቀረበ ሲመጣ ፍሬው እየተለቀ፣ ልጣጩም እየወፈረ ይሄዳል። የልጣጩ መወፈር ለእኔ ከትልቀቱ በላይ ብዙ ይናገራል፤ ፍሬውን ሳይጨፈለቅ ተሸክሞ ቤት ማድረስ የፈለገ ሰው እንደነበረ ያሳያል። ያውም ይህ የሆነው በቆሎ ወደዚያ ዋሻ አካባቢ ከመድረሱ ብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው። ቅድሚያ ዛፍ፣ ከዚያ እህል።

ያኔ የነበረው አመራረጥ ቀስ ያለ ነው። ሰው የጣመውን ፍሬ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ዘሩን ቤቱ አጠገብ ይጥላል፣ ከበቀሉት አሥር ዛፎች ስምንቱን ለማገዶ ይቆርጣል፣ ሁለቱን ይተዋል። የልጅ ልጁ እንደገና ያንኑ ያደርጋል። እያንዳንዱ ዙር አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ጤፍ በዚያ ጊዜ አሥር ትውልድ ያልፈዋል። ለዚህ ነው የፍራፍሬ ዛፍ፣ ሰው ለሺህ ዓመታት ከኖረበት በኋላ እንኳ፣ ከዱር ወንድሙ ብዙም ሳይርቅ የቀረው፤ በውስጡ ያለው ልዩነትም ሳይጠፋ የቆየው።

በዚህ መሃል በሦስት ዓይነት አገር ሦስት ወገን ተለየ። የሜክሲኮ ደጋ ወገን አለ፦ ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ስስ፣ ቅባቱ ብዙ፣ ብርድ የሚችል። ቅጠሉን በጣታችሁ ስትፈትጉት እንስላል እንስላል ይሸታል። የጓቲማላ ወገን አለ፦ ልጣጩ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ጉጥ ጉጥ ያለበት፣ ቅባታም፣ ዘግይቶ የሚደርስ። ሦስተኛው የቆላው ወገን ነው፦ ትልቅ፣ ለስላሳ ልጣጭ፣ ቅባቱ አነስ ያለና ውሃ የሚበዛበት፣ ሙቀትና ጨዋማ አፈር የሚችል። ሦስቱ አንድ ዝርያ ስለሆኑ ሲገናኙ ያለምንም ችግር ይዳቀላሉ።

እኔና አክስቴ ጓሮ ገብተን የሁለተኛውን ዛፍ፣ የዚያን ትንሽ ፍሬ ባለቤት፣ ቅጠል ፈተግን። እንስላል! የእናትየውን ቅጠል ፈተግን፣ ምንም አይሸትም። የሦስተኛውንም፣ ምንም። እንግዲህ በእናትየው ወይም በማናውቀው አባት ውስጥ የነበረ የሜክሲኮ ደጋ አያት በአንዱ ልጅ ላይ ብቅ ብሏል ማለት ነው። ክቡና ውሃማው ልጅ ደግሞ ወደ ቆላው ወገን ያዘነበለ ይመስላል። ፊታችን የቆሙት ዛፎች ሦስት ወንድማማች ሆነው የሦስት አገር መልክ ይዘው ነበር። አክስቴ ቅጠሉን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

አሁን ወደ ዓለም ገበያው ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም ሱፐርማርኬት የምታዩት ጉጥ ጉጥ ያለው፣ ሲበስል የሚጠቁረው አቮካዶ፣ ሃስ የሚባለው፣ እንደ አክስቴ ልጆች ከዘር በአጋጣሚ የበቀለ አንድ ዛፍ ነበር። አንድ።

ሩዶልፍ ሃስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደብዳቤ አዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ላ ሃብራ ሃይትስ በሚባል ቦታ በነበረችው ትንሽ መሬት ላይ ዘር ተከለ። ዓላማው ዘሮቹን ስር አድርጎ በላያቸው ፉዌርቴ ከሚባለው፣ በጊዜው አንደኛ ከነበረው ዝርያ፣ ቡቃያ ቆርጦ ለመቀጠል ነበር። አንዱ ችግኝ ላይ የተቀጠለው ቡቃያ አልያዘም። ደግመው ሞከሩ፣ አሁንም አልያዘም። ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ግን ጠንካራ ስለነበረ ተዉት፣ አደገ፣ አፈራ። የሃስ ልጆች ፍሬውን ከሌላው ሁሉ አስበልጠው ወደዱት ይባላል። በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ገበሬው ግን አንድ ችግኝ ይገዛና ከዚያ ራሱ እየቆረጠ ያባዛው ስለነበር ሃስ ከዚህ ሁሉ ያገኘው ገንዘብ 5,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። በ1952 አረፈ፣ ያው መብቱ ባበቃበት ዓመት። ይህ ታሪክ ያሳዝነኛል፤ ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው አቮካዶ አብዛኛው የዚያ ዛፍ ቅጂ ነው።

ፉዌርቴም ቢሆን ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1911 ከሜክሲኮ፣ አትሊክስኮ ከምትባል ከተማ ጓሮ፣ ቡቃያው ተቆርጦ ወደ ካሊፎርኒያ መጣ። በ1913 ከባድ ብርድ መጥቶ ሌሎቹን ሲገድል እሱ ተረፈ። ፉዌርቴ ማለት በስፓኒሽ ጠንካራ ማለት ነው፣ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ሳይንቲስቶች በ2019 የሃስን ሙሉ ዘረመል አንብበው ይፋ አደረጉ። 61 በመቶው ከሜክሲኮ ደጋ ወገን፣ 39 በመቶው ከጓቲማላው ሆኖ ተገኘ። የጓቲማላው ድርሻ በክሮሞዞሞቹ ላይ ትላልቅ ቁራጭ ሆኖ ነው የተቀመጠው፤ ያልተበጣጠሰ ነው። ይህም ድቅያው የቅርብ ጊዜ እንደሆነ ይናገራል፤ ብዙ ትውልድ ቢያልፈው ኖሮ ቁራጮቹ እየተቀያየሩ ይደቅቁ ነበር። ጉጥ ያለው ልጣጭ ከጓቲማላ አያት፣ ብርድ መቻሉ ከሜክሲኮ አያት። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዘር ላይ እንደገና ተገጣጥመው የሚመጡበት ዕድል የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሃስን የሚያበዛው ዘር ሳይሆን ቢላ ነው።

ግራፍቲንግ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ቦታ «የተዳቀለ ችግኝ» ሲሉት እሰማለሁ፣ ቃሉ ግን ያሳስታል። ማዳቀል ዘርን ከዘር መቀላቀል ነው። ግራፍት ሲደረግ የሚቀላቀል ዘር የለም፤ ሁለት ተክል አንድ ላይ ይሰፋል፣ የላይኛው የላይኛው ሆኖ፣ የታችኛው የታችኛው ሆኖ ይኖራል።

ሥራው እንዲህ ነው። እርሳስ ያህል የወፈረ የአቮካዶ ችግኝ ይያዛል፣ አናቱ ይቆረጣል፣ ግንዱ መሃሉ ላይ ወደ ታች ጥቂት ይሰነጠቃል። ከሚፈለገው ዛፍ ደግሞ ጫፍ ላይ ያለ፣ ቡቃያው ያበጠ ግን ያልፈነዳ፣ የጣት ያህል ቅርንጫፍ ይቆረጣል። ቅጠሉ ይመለመላል። የታችኛው ጫፉ በሁለት ጎን እንደ ሽብልቅ ይጠረባል፤ ቢላው ስለታም መሆን አለበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳባል፣ መላልሶ መፋቅ የለም። ከዚያ ሽብልቁ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ያለች አንዲት ነገር ናት የምትወስነው፦ ከቅርፊቱ ሥር ያለችው፣ ከወረቀት የሳሳች አረንጓዴ ሽፋን፣ የላዩና የታቹ ፊት ለፊት መገጣጠም አለባቸው። የሚያድገው በዚያች ሽፋን በኩል ብቻ ነው። ካልገጠሙ ሁለት እንጨት አንድ ላይ አስረህ ተውክ ማለት ነው። ከዚያ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ውሃ እንዳያስገባ፣ እንዳይደርቅም ይሸፈናል። ሦስት አራት ሳምንት ጠብቃችሁ ቡቃያው ካበጠ ይዟል።

የሚገርመው ደግሞ ቡቃያው ዕድሜውን አይረሳም። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ልጅነቱን ሳይጨርስ አያብብም፣ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ካፈራ ዛፍ የተቆረጠ ቡቃያ ግን ልጅነቱን ጨርሷል፤ በአዲስ ሥር ላይ ቢቀመጥም በሦስት በአራት ዓመቱ ያፈራል።

የታችኛው ግማሽ ማንም የማያየው ግማሽ ነው፣ ግን አፈሩን የሚታገለው እሱ ነው። እስራኤል ያላችሁ ወገኖች ይህን ልታውቁ ትችላላችሁ፤ እዚያ የመስኖ ውሃው ጨው ስለሚበዛበት ከታች የቆላውን ወገን ሥር ያደርጋሉ፣ ጨው ይችላልና፣ ከላይ ሃስ ይቀጥላሉ። በመኸር ገበያ የሚወጣው ለስላሳና አረንጓዴ ኤቲንገርም የዚያው አገር ምርጫ ነው፣ «ቢ» ስለሆነ ለሃስ አባት እንዲሆን በየመሃሉ ይተከላል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ዱሳ የሚባል ሥር መርጣለች፣ የስር አበስብስ በሽታን የሚቋቋም። ይህ በሽታ እርጥበት በሚያቁር መሬት ላይ የአቮካዶ ዋና ጠላት ነው። የመጀመሪያዋን፣ እናት የሆነችውን የሃስ ዛፍ ራሷን በ2002 የገደላት እሱ ነው።

ቅጂ የማብዛት አደጋው ይኸው ነው። ሁሉም አንድ ከሆነ የአንዱ በሽታ የሁሉም ነው። ሙዝን እዩ፤ ግሮ ሚሼል የሚባለው ጣፋጭ ሙዝ ዓለምን ሸፍኖ ነበር፣ ከአፈር በሚነሳ አንድ ፈንገስ ምክንያት እስከ 1960ዎቹ ከንግዱ ወጣ። በቦታው የመጣው ካቨንዲሽም ቅጂ ነው፣ አሁን የዚያው ፈንገስ ሌላ ዓይነት እያሳደደው ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ እንሰት ነው፣ የሙዝ ዘመድ። እንሰትን ገበሬዎቻችን ከኮባው ሥር ልጅ እያስወጡ ለሺህ ዓመታት አብዝተውታል፤ ቅጂ ማብዛት ለእኛ አዲስ እውቀት አይደለም። ግን የእንሰት ገበሬ አንድ ዓይነት ብቻ አይተክልም። አንዱ ጓሮ ውስጥ ለቡላ፣ ለቆጮ፣ ለአሚቾ፣ ለቃጫ እየተባለ ስሙ የተለያየ በርካታ ዓይነት አለ። አጠውልግ በሽታው፣ በ1968 በእንሰት ላይ በሳይንስ የተመዘገበው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ሙዝ የተሻገረው፣ ሲመጣ ሁሉንም እኩል አይጎዳም። ያ ዓይነተ ብዙ ጓሮ ትልቅ ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማንጎና ብርቱካንን በተመለከተ ግን ልዩ ነገር አለ፣ አልፌው እንዳልሄድ። የአንዳንድ ማንጎ ዘር ሲበቅል ከአንዱ ዘር ሦስት አራት ቡቃያ ይወጣል። ከነዚያ ውስጥ አንዱ ቢበዛ የተዳቀለ ልጅ ነው፣ ሌሎቹ ከእናትየው አካል በቀጥታ የወጡ ቅጂዎች ናቸው፣ አባት የላቸውም። ብርቱካንና ብዙ የሎሚ ዘመዶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ «እኔ ብርቱካን ከዘር ተክዬ እናቱን መሰለ» የሚል ሰው እውነቱን ነው። ማንጎ ላይ እንደ ወገኑ ነው፤ የደቡብ ምሥራቅ እስያዎቹ በአብዛኛው ብዙ ቡቃያ ያወጣሉ፣ የህንዶቹ አንድ ብቻ፣ እሱም የተዳቀለው። አቮካዶ ይህ ስጦታ የለውም።

ወደ አገራችን ልመለስ። አቮካዶ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1938 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሂርናና በወንዶ ገነት፣ በግለሰብ አትክልተኞች እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው በዋናነት በዘር ነው፦ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከገበያ ወደ ጓሮ። አሁን አስቡት። እያንዳንዱ ዘር አዲስ ዛፍ ከሆነ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በጉራጌ፣ በጅማ ጓሮዎች ስንት አዲስ አቮካዶ ተወልዷል? ሃስን የወለደው ዓይነት አጋጣሚ በየአጥሩ ሥር ሲደጋገም ነው የኖረው፤ የጎደለው የመረጠው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን መጥቷል። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች፣ ሃስ፣ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ናባል፣ ግራፍት ተደርገው ለገበሬው ይታደላሉ። ይርጋለም ያለው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አቮካዶ እየተቀበለ ዘይት ያወጣል፣ ለውጭ ገበያም ይልካል። ይህ ጥሩ ነው። ገበሬው ተመሳሳይ ፍሬ ካላቀረበ ነጋዴ አይገዛውም፣ ይህን አልከራከርም። የሚያሳስበኝ አሮጌው ዛፍ ሁሉ «የአገር ውስጥ ነው፣ ምርት የለውም» እየተባለ ሳይታይ ሲቆረጥ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ዓመት አስተውሉት። ሌላው ዛፍ ሥሩ በስብሶ ሲሞት እሱ ያልሞተ፣ ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉን ያልጣለ፣ ሌላው ባለቀበት ወር የሚያፈራ ዛፍ ካለ፣ እሱ ፍሬው የማይጥም እንኳ ቢሆን ሥር ሆኖ ያገለግላል። ዱሳም የተገኘው እንዲህ ባለ ማስተዋል ነው፤ በሽታ ባለበት ማሳ ሌላው ሲሞት የቆመውን ዛፍ ያየ ሰው ነው ያገኘው።

እስከዚያው ጓሮ ላላችሁ የምመክረው ቀላል ነው። ከዘር መትከል ክልክል አይደለም፤ ግን ዘሩን እንደ ሥር ቁጠሩት፣ ከላይ የምታውቁትን ቀጥሉበት። ሃስ ካላችሁ አጠገቡ አንድ «ቢ» ይኑር፣ ኤቲንገር ወይም ፉዌርቴ፣ ቀፎም ከተገኘ በጣም ጥሩ። ፍሬውን በዱላ አትምቱ፤ አቮካዶ ዛፉ ላይ አይበስልም፣ የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው፣ የተመታው ቦታ ደግሞ ከውስጥ ይጠቁራል።

የአክስቴን ነገር ልጨርስ። ፍሬ የማይሰጠውን ሦስተኛውን ዛፍ ወገቤ ድረስ ባለው ቁመት ቆረጥነው፣ ሥሩን እንዲመግብ አንድ ቅርንጫፍ ትተን። ከእናትየው ዛፍ ስድስት ቡቃያ ቆርጠን ከቅርፊቱ ሥር አስገባን፣ በላስቲክ አሰርን፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው በኮባ ቅጠል ሸፈንነው። በወሩ ደወለች፤ አራቱ ይዘዋል። ክቡን ውሃማውን ለልጆች ጁስ ይሁን ብላ ተወችው።

እንስላል የሚሸተውን ትንሹን ዛፍ ግን ልጇ ለማገዶ ሊቆርጠው ሲል አስቆመችው። ግንዱ ላይ ቀይ ክር አስራበታለች።